ጉንዳኗ፣ ሠራዊቱና መንገዱ



ወንድሜ፣ እህቴ! ሱረቱ አን-ነምልን ስትቀሩ የጉንዳኗን ንግግር አስተውላችሁታል? የሱለይማን (ዐ.ሰ) ሠራዊት ሲመጣ አየችና ሳያውቁ እንዳይረግጧቸው ጓደኞቿን ወደየቤታቸው እንዲገቡ አስጠነቀቀች። እኔን ሁሌ የሚያስቆመኝ ያ «ሳያውቁ» ነው። ጉንዳኗ ነቢዩን በክፋት አልጠረጠረችም። እሳቸውም ሰምተዋት ፈገግ አሉ፤ ለጌታቸው ጸጋ አመስጋኝ እንዲያደርጋቸውም ዱዓ አደረጉ።

መንገድ የሚቆርጠው የዶዘር ኦፕሬተርም ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሥሩ ማን እንደሚኖር አያውቅም። እኛ ግን ማወቅ እንችላለን። ታዲያ አላህ ፊት «አላወቅንም» ልንል ነው?

ባሌን እንይ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሰነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ እዚያው ባሌ ነው ያለው። ቀበሮው የሚኖረው ፍልፈልና አይጥ እያደነ ነው። ለገረጋንቲ የሚቆፈረው ጉድጓድና በየዳሩ የሚደፋው አፈር መጀመሪያ የሚያፈርሰው የፍልፈሉን ጎሬ ነው፤ የቀበሮው ረሃብ ቀጥሎ ይመጣል። መንገዱ ሲያምር ደግሞ ፍጥነት ይጨመርበታል።

መንገድ አይሠራ ያለ የለም። ምጥ የያዛት የደሎ መና እናት መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ከማናችንም በላይ ታውቃለች።

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገደኛ ሌሊት ለማረፍ ሲቆም ከመንገዱ ገለል እንዲል አዘዋል። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? መንገድ በሌሊት የእንስሳት መተላለፊያ ስለሆነ! ሱብሓነላህ፣ ሰው ራሱ ለሠራው መንገድ እንኳ ሌሊት ሌላ ባለመብት አለው።

ሲቪል ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገ ግዴታ ነው። ለፊርማ ብቻ የሚሞላ ወረቀት አታድርጉት፤ አማና ነው። የውኃ መውረጃው ቱቦ ትንሽ ሰፋ ቢል እንስሳ ያሳልፋል። ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ ሥራው ሲያልቅ ይደፈን፤ ትርፍ አፈር ወንዝ ውስጥ አይደፋ። ሳይት ላይ ተቆጣጣሪ ከሆንክ ይህን መጠየቅ ያንተ ድርሻ ነው፤ «አለቃው ያውቃል» አይበቃም።

በዚያ መንገድ ማታ የሚያሽከረክር ሹፌር የምታውቁ ደግሞ ይህን ዛሬውኑ ላኩለት። ሰነቴ ላይ ፍጥነቱን ይቀንስ።