የማነጣጠሪያ መነጽርና የሚሳሳት ህሊና

በጠመንጃ ላይ የሚገጠም የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ምንም ያህል ጥራት ያለው ቢሆን፣ ከአፈሙዙ ጋር እስኪስማማ ድረስ ተኳሹ በሙሉ ልብ እንዲስት ከማድረግ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ተኳሹ በመነጽሩ ውስጥ ባለው የመስቀል ቅርጽ ምልክት በኩል ኢላማውን የሚያይበት የእይታ መስመር አንድ ነገር ነው፤ ጥይቱ የሚጓዝበት መስመር ደግሞ ሌላ ነው። መነጽሩ ከአፈሙዙ በላይ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ጥይቱም ከአፈሙዙ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ በምድር ስበት ስለሚወርድ፣ ሁለቱን መስመሮች በተፈለገው ርቀት ላይ ማገናኘት፣ ማለትም በተለመደው አነጋገር ጠመንጃውን «ዜሮ ማድረግ»፣ ታስቦበት የሚሠራ የሰው ሥራ ነው።

ሥራው የሚከናወነው ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ከተደላደለ በኋላ ነው። በመጀመሪያ በ25 ሜትር ያህል ቅርበት ጥይቱ ወረቀቱን መምታቱ ይረጋገጣል፤ ከዚያም ወረቀቱ ወደ 100 ሜትር ይርቅና ሦስት ወይም አምስት ጥይት በተመሳሳይ አያያዝ ወደ አንድ ነጥብ ይተኮሳል። የቀዳዳዎቹ መካከል ከነጥቡ ምን ያህል እንደራቀ ተለክቶ በመነጽሩ አናትና ጎን ያሉት መዘውሮች ይዞራሉ። በብዙ መነጽሮች ላይ መዘውሩ አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል የሚያስተካክለው የአንድ ዲግሪ ስድሳኛን ሩብ ነው፤ የዲግሪ ስድሳኛ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ያች ትንሽ እርምጃ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ በ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ታዛውረዋለች።

የጥንት ፈላስፎች ስለ ሰው ምግባር ሲያስተምሩ ቀስተኛን ደጋግመው ጠቅሰዋል። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር መግቢያ ላይ የሕይወትን ግብ ያወቀ ሰው ኢላማውን እንደሚያይ ቀስተኛ የተሻለ ዕድል እንዳለው ይናገራል። ሲሴሮ የመዘገበው የስቶይኮች ትምህርት ደግሞ የቀስተኛው ድርሻ በትክክል ለማነጣጠር የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ እንጂ መምታቱ እንዳልሆነ ያስረዳል። ሁለቱም አስተያየቶች ከባድ ቁም ነገር የያዙ ቢሆኑም፣ የቀስተኛውን ዓይን እንደ ታማኝ ምስክር ተቀብለው ያልፉታል። ማያው ራሱ የተዛነፈ እንደሆነስ? ክርስቲያን ሊቃውንት «የሚሳሳት ህሊና» ብለው የመረመሩት ጥያቄ ይህ ነው፤ ህሊና ሲባል ሰው የሚሠራው ሥራ መልካም ወይም ክፉ መሆኑን የሚፈርድበት ውስጣዊ ዳኛ ማለት ነው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቶማስ አኩዊናስ በዚህ ጉዳይ ላይ የሰጠው ፍርድ ሁለት ጎን አለው። ሰው የተሳሳተውን ህሊናውን እንኳ ቢጥስ ይበድላል፤ ክፉ ነው ብሎ ያመነበትን ለማድረግ ፈቅዷልና። ነገር ግን ስሕተቱ ሊያውቀው የሚገባውን ባለማወቁ፣ ማለትም በቸልተኝነቱ የመጣ ከሆነ፣ ህሊናውን መከተሉ ከበደል ነጻ አያደርገውም። መኪና ውስጥ ተንጋጭቶ መነጽሩ የአንድ ዲግሪ ስድስተኛ ያህል የተዛነፈበትን አዳኝ ማሰብ ይቻላል። ይህች ለዓይን የማትታይ መዛነፍ በ100 ሜትር ላይ 29 ሳንቲ ሜትር ስለምትሆን፣ የአጋዘኗ ልብ ላይ የተነጣጠረውን ጥይት ሆዷ ላይ ለማሳረፍ ትበቃለች። አዳኙ ትንፋሹን ገትቶ፣ ቃታውን በእርጋታ ስቦ፣ ከልቡ በትክክል አነጣጥሯል፤ ሆኖም ጥፋት ካለበት ጥፋቱ የተፈጸመው ከመንገድ እንደ ደረሰ አንዲት ጥይት ወረቀት ላይ ሳይሞክር ወደ ጫካ በገባ ጊዜ ነው።

በተኩስ ልምምድ የሚታይ ሌላ ነገር ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። ቀዳዳዎቹ በወረቀቱ ላይ ከተበታተኑ፣ የመነጽሩ ብሎኖች ላልተዋል ወይም የተኳሹ እጅ አልጸናም፤ መዘውር ማዞር አይረዳውም። ከነጥቡ ርቀው ግን እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ካረፉ፣ ጥቂት እርምጃ ብቻ ያቃናቸዋል። ከዚህ አንጻር በአቋሙ ጸንቶ የሚሳሳት ሰው ከወላዋዩ ይልቅ ለመታረም የቀረበ ነው፤ ይሁንና ጽናቱን የእውነተኛነቱ ማስረጃ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ወረቀቱን ሄዶ ለማየት የሚያስገድደው ምክንያት አያገኝም። በየዘመኑ በሃይማኖት ስም የተፈጸመ ብዙ ጭካኔ የመነጨው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቅን ሰዎች መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

ወረቀቱ የት ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ኢማኑኤል ካንት በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ የሚሳሳት ህሊና የሚባል ነገር እንደሌለ ይከራከራል፤ አንድ ሥራ ግዴታ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሰው ሊሳሳት ቢችልም፣ ሥራውን ለፍርድ ማቅረቡንና አለማቅረቡን ግን ራሱ ያውቀዋልና። ይህ አሳብ ረቂቅ ቢሆንም፣ ማያው በማያው ብቻ እንዲመረመር ስለሚተው የተሟላ አይደለም። በመነጽሩ አጮልቆ ማየት የመነጽሩን መዛነፍ ሊገልጥ አይችልም፤ መዛነፉን የሚናገረው ጥይቱ ያረፈበት ቦታ ነው። በሰው ሕይወት ይህን ቦታ ከሠሪው ይልቅ የሚያውቀው ሥራው ያረፈበት ባልንጀራ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የንስሐ አባት እንዲኖረው መደረጉም በዚሁ ዕውቀት ላይ የቆመ ይመስላል፤ ከሰውየው ውጭ የቆመ ሌላ ዓይን፣ ጉዳቱ ገና ትንሽ ሳለ፣ የቀዳዳዎቹን ስፍራ ያይለታልና።

ይህም ሆኖ ማስተካከያው የሚጸናው ለአንድ ርቀት ብቻ ነው። በ100 ሜትር ላይ የተስተካከለ የ7.62 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በ300 ሜትር ላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ በቤተሰብና በመንደር መካከል የተቃና ህሊናም በማያውቃቸው ሕዝቦች ላይ ሲፈርድ እንዲሁ ዝቅ ብሎ ሊያርፍ ይችላል። ነፋስም አለ፤ የጥይቱ ዓይነትም ይለወጣል። የሚገባውን ሁሉ መርምሮ ሳለ የሳተ አዳኝ በአኩዊናስም በስቶይኮችም ፍርድ ከወቀሳ ነጻ ነው። ይህ ነጻነቱ ግን የቆሰለችውን አጋዘን ተከታትሎ ስቃይዋን የማሳጠር ግዴታውን አያነሣለትም፤ ግዴታው የመጣበት አጥፍቶ ሳይሆን ጥይቱ የእርሱ ስለሆነ ነው።