ያረጀች ድመት ጠባይዋን ስትለውጥ

10 ዓመትና ከዚያ በላይ በቤትዎ የኖረች ድመት አንድ ሰሞን በድንገት ሌላ ትሆናለች። ልጆች ሲያቅፏት ትቧጭራለች፣ ምንጣፍ ላይ ትሸናለች፣ ወይም ሌሊቱን ስትጮኽ ታድራለች። ያን ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ «ባለጌ ሆነች» ይላል፤ ሌላው «ቂም ይዛብን ነው» ይላል። ልብ ይበሉ! ምን እንደደረሰባት ሳንጠይቅ ፈርደንባታል።

በሸሪዓችን ተጠያቂነት የሚመጣው ከአእምሮና ለአካለ መጠን ከመድረስ ጋር ነው። ድመት ሙከለፍ አይደለችም፤ የሚጻፍባት ወንጀል የለም። ታዲያ ወንጀል የሌለባትን ፍጡር «ልቅጣት» ብሎ በዱላ ማሳደድ ምን ትርጉም አለው?

ድመት ሕመሟን ደባቂ ናት። መገጣጠሚያዋ ሲታመም መስኮት ላይ መዝለል ትተዋለች፤ ሲያነሷት ትነክሳለች፤ የነኩት ያመማትን ቦታ ነውና። ጥርሷ ወይም ድዷ ሲታመም ምግቡን አሽትታ ትመለሳለች። ኩላሊቷ ሲደክም ውሃ ታበዛለች፣ ሽንቷም ይበዛል፤ ምንጣፉ የተበላሸው ምናልባት በዚህ ነው። አንገቷ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ደግሞ እየበላች ትከሳለች፣ ዕረፍት ታጣለች። የደም ግፊትም ይይዛታል፤ ሲበረታ ዓይኗን በድንገት ሊያጠፋው ይችላል። እንደ ሰው ሁሉ በእርጅና የምትረሳም አለች፤ የሌሊቱ ጩኸት አንዳንዴ ከዚህ ነው። ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት አልወጣ ካለው ግን ለነገ አይባልም፤ ይሞታል። ለራሳችን የምንውጠውን ፓራሲታሞልም አዝነው እንኳ እንዳይሰጡ፤ ድመትን ይገድላል።

እዝነት ጥንቃቄን መተው አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ካገራችን አልጠፋም፤ ድመትንም ይይዛል። ያለወትሮዋ ሰው የነከሰች ወይም የቧጨረች እንደሆነ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ልጆችንም ከእርሷ ያርቁ።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሮች በአንዱ አትክልት ውስጥ አንድ ግመል ሲያለቅስ አግኝተው በእጃቸው ዳበሱት፤ ከዚያም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቁ። እንደሚያስርበውና እንደሚያደክመው ግመሉ ስሞታ እንዳቀረበላቸው ነገሩት። እዚያ የተጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ ግመሉ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አንዳንድ ሰው ያረጀችውን ድመት በጆንያ ከቶ ራቅ ካለ ገበያ ይጥላትና ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የተነገረው ሐዲስ (ቡኻሪና ሙስሊም) ሲነሳ «እኔ እኮ አላሰርኳትም፣ ለቀቅኳት» ይላል። ነገር ግን በሐዲሱ ውስጥ መልቀቅ የተነሳው ድመቷ ከምድር ተሐዋስያን ለቅማ እንድትበላ ነው። ጥርሷ ለወለቀ፣ ዓይኗ ለፈዘዘ ድመትስ? ለእርሷ ገበያው ሁሉ እስር ቤት ነው። በጉልበቷ ዘመን አይጥ አሳደን፣ ሲደክማት «ነፃ ወጣሽ» ማለት ስሙን መለወጥ እንጂ ሌላ አይመስለኝም።

«ለልጆቼ ያልበቃ ገንዘብ ለድመት ሐኪም?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት እንስሳን መቀለብ የባለቤቱ ግዴታ ነው ሲሉ ከአቅሙ በላይ ይበደር ማለታቸው አይደለም። በአቅራቢያ የእንስሳት ክሊኒክ ካለ ማሳየት መልካም ነው። ከሌለም ውሃዋን ከመኝታዋ አጠገብ ማኖር፣ ምግቧን በመረቅ ማለስለስ፣ መዝለል የማያሻው ዝቅ ያለ ማደሪያና አመድ ወይም አሸዋ የተደረገበት ሣጥን ማዘጋጀት፣ ልጆችም በግድ እንዳያነሷት መንገር ይቻላል። ለዚህ የሚወጣ ብር ብዙ አይደለም።