ያስጠጣውስ ድርሻ የለውምን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ስካር በተሰበከ ቁጥር ተግሣጹ የሚወርደው በሰካራሙ ላይ ነው። ተገቢም ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክቱ መስከርን አጥብቆ ከልክሏልና። ነገር ግን ከሰከረው ወንድማችን አጠገብ የቀዳለት፣ የከፈለለት፣ «በሞቴ!» ያለው ሌላ ሰው አለ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥን ሁሉ ርኩስ አላለችም። የማኅበር ጽዋችን ምስክር ነው። በጎንደር ከተማችን የጥምቀት በዓል በተከበረ ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን የምናከብረው ቃና ዘገሊላም ጌታችን በሠርግ ቤት ውኃውን የወይን ጠጅ ያደረገበትን ተአምር የምናስብበት ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን መጠጥ ለምን ኖረ ሳይሆን፣ ወንድማችን ልቡናውን እስኪስት ድረስ ማን ቀዳለት የሚል ነው።

በአዲስ አበባ የሌሊት ክበቦች ጠርሙስ ማውረድ የሚባል ልማድ አለ፤ ወሬውም ፎቶግራፉም ወደየከተማው ደርሶ ወጣቱን ያማልላል። በመለኪያ በመጠጣት ፈንታ ሙሉ የውስኪ ጠርሙስ ይታዘዛል፤ አንዳንዴም ርችት ተለኩሶበት በአስተናጋጆች ታጅቦ ይመጣል። የቤቱ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ጠረጴዛ ይዞራል። ይኼን ጊዜ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለው ላለመበለጥ ሁለት ያወርዳል።

እስቲ እናስላው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ የአልኮል መጠኑ 40 በመቶ የሆነ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለበት። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የ5 በመቶ ቢራ ግን 16.5 ሚሊ ሊትር ብቻ አለው። ስለዚህ አንዱ ውስኪ 18 ቢራ ያኽላል ማለት ነው። ሦስት ጓደኛሞች ቢጨርሱት ለእያንዳንዳቸው ስድስት ቢራ ይደርሳል። ጉበት ደግሞ የአንዱን ቢራ አልኮል ለማስወገድ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አያፋጥነውም። በመለኪያ የሚጠጣ ሰው ቢያንስ ይቆጥራል። ጠርሙሱ ከወረደ ግን ቆጠራው ይጠፋል፤ ገንዘቡም ተከፍሏልና ሳይጨርሱ መነሣት ነውር ይመስላል።

በከተማው ብቻ አንፍረድ። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ሠርግ ወይም ተዝካር በተደገሰበት ቤት የገብሱ ጠላ ሳይጎድል ይሞላል። «ጨምር፣ አፈር ስሆን!» የሚለው ቃል ከፍቅር የወጣ ነው። ሆኖም እዚያም ቆጠራው ይጠፋል። እንግዳው ሲመሽ በገደል አፋፍ መንገድ፣ በዚያ ውርጭ፣ ብቻውን ሲሄድ ያ ሁሉ «በሞቴ» ባይ የት ነው?

ቅዱሳት መጻሕፍት ይኼን ጉዳይ አልዘለሉትም። ነቢዩ ዕንባቆም በምዕራፍ 2 ወዮታውን የሚያሰማው ባልንጀራውን በሚያሰክረው ሰው ላይ ነው። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 የሰከረው ኦርዮ ነው፤ በነቢዩ ናታን የተወቀሰው ግን ኦርዮን አስክሮ፣ በኋላም አስገድሎ፣ በደሉን ሊሸፍን የፈለገው ንጉሥ ዳዊት ነው። በመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 1 ደግሞ አሕዛባዊው ንጉሥ አርጤክስስ በግብዣው ላይ ማንም እንዳይገደድ አዝዟል። አሕዛብ ያወቁትን እኛ እንዴት እናጣዋለን?

«ማን አስገደደው? አፍ የለውም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ የጠጣው ስለ ራሱ ይጠየቃል። ነገር ግን የእርሱ መጠየቅ የእኛን ድርሻ አያነሣልንም። ሰው በሰከረ መጠን ማመዛዘኑን ያጣል፤ ያን ጊዜ ማመዛዘን የሚቀረው ባልሰከረው ዘንድ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በባለቤቱ ላይ ነውና። የግብዣ ጠረጴዛም መከታ ያሻዋል።

የአገራችን ሕግም ቢሆን ሻጩን አልተወውም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ከእኛ ከተማሪዎች ብዙዎች ከዚህ ዕድሜ በታች ነን። ቀጂዋ እኅታችን በደመወዝና በጉርሻ የምትኖር ናት፤ ከእርሷ ይልቅ የሚከብደው ትርፉን የሚቆጥረው ባለቤትና ለክብሩ ሲል የሚያዝዘው ጋባዥ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ እምቢ ያለውን ሰው በሞቴ አንበለው፤ እምቢታውን እንደ ንቀት አንቁጠረው። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ሳያልቅ መነሣትን እንልመድ፤ የፈሰሰ ገንዘብ ከወደቀ ወንድም ይሻላል። ሦስተኛ፣ የሰከረውን ብቻውን አንተወው። ቁልፉን እንቀበለው፤ እቤቱ እናድርሰው፤ ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ እናስተኛው። ቀስቅሰነው ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ፣ «ይተኛ» ብለን ሳንዘናጋ ሐኪም ቤት እንውሰደው።

ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ጠባቂው እኔ ነኝን ብሎ ነበር። እኛ ስለ ወንድማችን ስንጠየቅ የተሻለ መልስ እንዲኖረን አምላከ ቅዱሳን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።