«ባለሙያ» ማን ነው?

«አባል መሆን የሚችለው በሙያው ላይ ያለ ባለሙያ ብቻ ነው።» ግልጽ ይመስላል አይደል? እስቲ ሦስት ሰዎች ይዘን እንሞክረው፦ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ያለች ልጅ፣ ኮዲንግ ከዩቲዩብ ተምሮ በፍሪላንስ የሚሠራ ልጅ፣ ከሥራ ከወጣ ዓመት የሆነው ሲኒየር ዴቨሎፐር። ማናቸው ይገባሉ? ደንቡ ዝም ይላል። መልሱ ያለው አድሚኑ ጋ ነው።

ኮምፒውተር ያልገባው ነገር ሲገጥመው ብዙ ጊዜ ኤረር አውጥቶ ይቆማል። ሰው ግን ክፍተቱን በግምቱ ይሞላል፤ ለሚያውቀው ሰፋ፣ ለማያውቀው ጠበብ አድርጎ። ብዥ ያለ ቃል ለሚተረጉመው ሰው ማንም ያልሰጠውን ሥልጣን ይሰጠዋል።

«ታዲያ ሁሉንም ዘርዝሮ መጻፍ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። አያልቅም። እንግሊዛዊው የሕግ ፈላስፋ ኤች.ኤል.ኤ. ሃርት እ.ኤ.አ. በ1958 ተሽከርካሪ ወደ መናፈሻ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብን ምሳሌ አድርጎ ነበር። መኪና አይገባም፣ እሺ። ብስክሌትስ? የልጆች መጫወቻ መኪናስ? የትኛውም ቃል ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል።

ብዥታው የማይቀር ከሆነ፣ የሚቀረው ጥያቄ ዕዳውን ማን ይክፈል የሚለው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው የውል ቃል ሲያጠራጥር ለሌላኛው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል። ለአባልነት ደንብም ይኸው ሚዛን ይሠራል። ቃሉን የመረጡት፣ ነገም ማስተካከል የሚችሉት ደንብ አውጪዎቹ ናቸው። እስኪያስተካክሉት ድረስ በር ላይ የቆመችው ተመራቂ ትግባ።