ጣናን መጠበቅ ጽድቅ ነውን?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ የጣና ሐይቅ ዳርቻ ገበሬዎችና ከባሕር ዳር የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች ውሃ ውስጥ ገብተው እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም በእጃቸው ሲነቅሉ ኖረዋል። አረሙ ግን ይመለሳል፤ ዘሩ በደለል ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያልና። ታዲያ ድካሙ ከንቱ አይደለምን? አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ሰው በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው፤ ጥበቃ ደግሞ እንደ ጸሎት በየዕለቱ የሚታደስ እንጂ ባንድ ቀን ዘመቻ ተፈጽሞ የሚዘጋ ሥራ አይደለም። የዘጌና የሐይቁ ደሴቶች ገዳማት ደናቸውን ያቆዩት ዛፉን የቅድስናው አካል አድርገው ለትውልዶች በማክበር ነው።

ድካሙ ከንቱ ነው የሚለው ተቃዋሚ ግን አንድ እውነት ይዟል፤ አረሙን የሚመግበው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ እምቦጭ ነቅሎ ሰኞ ፍሳሹን ወደ ሐይቁ የሚለቅ ሰው፣ እየጾመ ባልንጀራውን እንደሚያማ ነው።