ለዓሣው ሌሊቱን የሚያመጣለት ማን ነው?

 

ባለፈው ጃንዋሪ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ሦስት ወጣቶቻችን አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። እዚህ ሶደርተልየ በምንሰበሰብበት አዳራሽ፣ በደቡብ በኩል ባለው ትልቅ መስኮት ሥር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱም ከፍታውም 80 ሳንቲሜትር የሆነ አኳሪየም እናቁም ነው የሚሉት። ምክንያታቸው ጥሩ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ቁርኣን ለመቅራት የሚመጡት ሕፃናት ትምህርቱ እስኪጀመር ስልክ ላይ ተደፍተው ከሚቆዩ የአላህን ፍጥረት ይዩ። ቦታውንም በዘፈቀደ አልመረጡትም። ፀሐይ በውኃው ውስጥ አልፋ ግድግዳው ላይ የምትፈጥረውን ውዝዋዜ ቪዲዮ ላይ አይተው ወደውታል። እኔም ሲያሳዩኝ ወደድኩት።

ጥያቄው እንደተለመደው ቶሎ መጣ፦ «ይፈቀዳል ወይስ ሐራም ነው?»

ይህን ያህል ከሆነ መልሱ አጭር ነው። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር በልጅነቱ አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲመጡ ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት ነበር። ለምን ያዝካት አላሉትም። ከዚህች አጭር ሐዲስ ዑለማዎች ብዙ ቁምነገር ቀድተዋል፤ ኢብኑል ቃስ የሚባሉት የሻፊዒይ ፈቂህ ብቻቸውን 60 ያህል ቆጥረውባታል። ከተወሰዱት ፍርዶች አንዱ ወፍን ቤት ውስጥ ማቆየት መፍቀዱ ነው፤ እንክብካቤው እስካልጎደለ ድረስ። ዓሣም ከዚህ አይለይም።

ግን «ይፈቀዳል» ተብሎ ወደ ቤት የሚኬድበት ጉዳይ አይደለም። ድመት ዘግታባት በረሃብ እንድትሞት ስላደረገችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሴትዮዋ ድመቷን መታቻት አልተባለም፣ በስለት ነካቻት አልተባለም። በሩን ዘጋችባት፤ ከዚያም ድመቷ ራሷ ፈልጋ ማግኘት የምትችለውን ነገር ሳታቀርብላት ቀረች። ለዚህ ነው የተቀጣችው። በር የዘጋ ሰው ከበሩ ውጭ ለነበረው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ሆኗል ማለት ነው። ምግብ አንዱ ብቻ ነው።

በስብሰባው ላይ ባሕር ዳር ያደጉ አንድ አባት ነበሩ። ብዙ አልተናገሩም። «ፀሐዩ ሲበረታበት የት ይገባል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። እኛም ሳቅን። እሳቸው ግን የጣናን ዓሣ ነው ያሰቡት፤ እኩለ ቀን ላይ ወደ ጥልቁ የሚወርደውን፣ ከደንገሉ ሥር የሚጠለለውን። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። የሚሄድበት ያለው ፍጥረት ነው። 3 ሜትር መስታወት ውስጥ ያለ ዓሣ ግን የሚወርድበት ጥልቅ የለውም።

ከሳምንት በኋላ ነው የጥያቄያቸው ክብደት የገባኝ። ስለዚህ ስለ መስኮቱ ትንሽ ላስረዳ።

እኛ የምንኖረው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 59ኛው ዲግሪ ላይ ነው። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማሱ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ስለዚህ በደቡብ መስኮት የሚገባው ብርሃን ከላይ አይወርድም፤ ከጎን ገብቶ እስከ ማዶ ግድግዳ ይደርሳል። በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ደግሞ ብርሃን ከላይ ነው የሚመጣው። ዓሣ ሚዛኑን የሚጠብቀው በከፊል በዚህ ነው፤ ጀርባውን ወደ ብርሃኑ ያደርጋል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣበት ሰውነቱ ወደዚያው ያጋድላል። ሳይንቲስቶች ይህን ካጠኑት ብዙ ዘመን ሆኗል። የሚያምር ጨረር ተቀብሎ የሚዋኝ የሚመስለን ዓሣ ላይና ታቹን እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስህተት የሠራነው የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። በ1853 ለንደን ውስጥ የተከፈተው፣ የዓለም የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም የሚባለው ቤት በመስታወት የተሠራ ነበር። ብርሃን ከየአቅጣጫው ሲገባበት ውኃው ይሞቃል፣ አረንጓዴ ይሆናል። በኋላ የመጡት ግንበኞች ብርሃኑን ከላይ ብቻ ለዓሣው ሰጥተው ተመልካቹን ጨለማ ውስጥ አቆሙት። እስከ ዛሬ ትልልቅ አኳሪየሞች ውስጥ ስንገባ ጨለማ የሚሆንብን ለዚህ ነው።

አልጌው ብዙዎች የሚያውቁት ችግር ስለሆነ አላረዝመውም። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው፤ ፀሐይ ሲጨመርበት መስታወቱ ይሸፈናል፣ አንዳንዴም ውኃው ራሱ እንደ ጎመን ውኃ ይሆናል። ልብ ያላልነው ሌላ ነገር ነው። አልጌና ተክል ቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው እነርሱም ይተነፍሳሉ። ውኃው ደግሞ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፦ በ10 ዲግሪ አንድ ሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ ከ8 ያነሰ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከሞቃት የኦገስት ቀን በኋላ፣ አልጌ በሞላው ውኃ ውስጥ፣ ኦክስጅኑ በጣም የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። ለፈጅር ሰላት ቀድሞ የሚመጣ ሰው መብራቱን ሲያበራ ዓሦቹ አፋቸውን ውኃው ፊት ላይ ደቅነው ሲያለከልኩ ያገኛቸዋል። በሰባት ሰዓት ጁሙዓ የሚመጣው ሕዝብ ደግሞ የሚያየው ያማረ አኳሪየም ነው።

ግን ይህም በማሽን ይታረማል፤ የአየር ፓምፕ አለ። እኔን የያዘኝ የጁን ወር ነው።

በ2015 እና በ2016 ረመዳንን እዚህ የጾማችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቀኑ ከ18 ሰዓት በላይ ነበር፤ ሌሊቱም ሙሉ በሙሉ አልጨለመም። ሕፃናት ለነበራችሁት ወላጆቻችሁ ጥቁር መጋረጃ ገዝተው ሰቀሉ። እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ ትራስ ፊታችሁ ላይ አደረጋችሁ። አኳሪየም ውስጥ የምናኖራቸው ዓሦች ግን የዓይን ቆብ የላቸውም። ጨለማ ካልመጣላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሊሠሩት አይችሉም።

ደግሞ ከየት የመጡ ናቸው? ልጆቹ የመረጧቸው ያሸበረቁት ዓሦች ዘራቸው ከሞቃት አገር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12፣ ሌሊቱ 12 ሰዓት ከሚጠጋበት። እናቶቻችሁ ስልክ ላይ «በሁለት ሰዓት ደውልልኝ» ሲሏችሁ የምትደናገሩበት ሰዓት ከዚያው የተገኘ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ከሚጀምር፣ ስትጠልቅ እንደገና ከሚጀምር ቀን። የዓሦቹ ሰውነት የሚያውቀው የእናቶቻችሁን ሰዓት ነው።

ሱረቱል ቀሰስ ውስጥ (28፥72) አላህ (ሱ.ወ) ሰዎችን ይጠይቃል፤ ቀኑ ሳያቋርጥ ቢቀጥልባቸው የሚያርፉበትን ሌሊት ከእርሱ ሌላ ማን እንደሚያመጣላቸው። ይህን አንቀጽ ሶደርተልየ ውስጥ በጁን የሚያነብ ሰው አዲስ አበባ ሆኖ ከሚያነበው ሰው ሌላ ነገር የሚሰማው ይመስለኛል። አላህ ለዚያ ዓሣ ሌሊት ሰጥቶታል፤ የተፈጠረበት ውኃ ውስጥ በየቀኑ ይመጣለታል። ከዚያ አውጥተን መስኮት ሥር ያስቀመጥነው እኛ ነን። መጋረጃውን የሚስበው እጅ አሁን የእኛ ሆኗል። ይህ አማና ነው፤ ቀላልም አይደለም።

በ1262 ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዝ ኢብን ዐብዲሰላም ባለቤቱ ለእንስሳው ስላለበት ግዴታ ጽፈዋል። እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም ባይሰጥ እንኳ ሊመገብ እንደሚገባው፣ ከአቅሙ በላይ እንዳይጫን፣ ከወገኑም ይሁን ከሌላ ከሚጎዳው ጋር እንዳይቀላቀል፣ ማረፊያው እንዲመቸው። ዓሣ ያረባ ሰው «ከሚጎዳው ጋር እንዳይቀላቀል» የሚለውን ሲሰማ ይስቃል፤ ሱቅ ውስጥ የሚያምሩትን ሁሉ ገዝቶ አንድ ላይ የጨመረ ሰው በሳምንቱ የሚያየውን ያውቃልና። በስዊድንም ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ የሚሠራው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንስሳት ተፈጥሯዊ ባሕርያቸውን ማሳየት እንዲችሉ ያዛል። ይህን የጠቀስኩት «እኛ ቀድመናል» ለማለት አይደለም። ቀድመን ካልሠራንበት ምን ይጠቅማል?

አንዳንድ ወላጆች የተቃወሙት በሌላ ምክንያት ነበር፤ «ኢስራፍ ነው፣ ገንዘቡ አገር ቤት ላሉ ችግረኞች ይላክ» አሉ። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚነሳ እጠረጥረዋለሁ። የሠርግ አዳራሽ ስንከራይ ማንም አላነሳውም። ልጆች አንድ ነገር ሲጠይቁ ብቻ ድሆቹን የምናስታውስ ከሆነ ልጆቹ ይታዘቡናል። ደግሞ ትልቅነቱ ራሱ ጥፋት አይደለም። 1,900 ሊትር ውኃ ከ100 ሊትር ይልቅ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎ አይበከልም፤ ለዓሣው ትልቁ ይሻለዋል። (ክብደቱ ግን ወደ 2 ቶን ነው፤ ያውም መስታወቱና ድንጋዩ ሳይቆጠር። የተለመደ የመኖሪያ ወይም የቢሮ ወለል በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 250 ኪሎ ያህል ተብሎ ነው የሚሠራው። ኢንጂነር ሳትጠይቁ ምንም እንዳታቆሙ።)

እኔን የሚያሳስበኝ ለማን ብለን እንደምናሳምረው ነው። በርሊን ውስጥ አኳዶም የሚባል፣ ሆቴል ውስጥ የቆመ፣ 1 ሚሊዮን ሊትር ውኃ የሚይዝ አኳሪየም ነበር። በመካከሉ ሊፍት ያልፍ ነበር። ዲሴምበር 16 ቀን 2022 ሊነጋ ሲል ፈነዳ። ሰዓቱ ማልዶ ስለነበር ሁለት ሰዎች ብቻ ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ውስጡ ከነበሩት 1,500 ያህል ዓሦች ግን ከጥቂቶቹ በስተቀር አለቁ። የሰው ነፍስ መቅደሙ ትክክል ነው። እነዚያ ዓሦች ግን እዚያ የተገኙት ሊፍት የሚሳፈር እንግዳ ዓይኑ እንዲያርፍባቸው ነው፤ በርሊን ውስጥ ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም።

በሁለተኛው ስብሰባ ይህን ሁሉ ለወጣቶቹ ነገርኳቸው። አኳሪየሙ ከመስኮቱ ርቆ በሰሜኑ ግድግዳ ይሁን፤ መብራት ከላይ፣ በሰዓት መቆጣጠሪያ፣ በቀን 10 ሰዓት፤ ከዚያ መጋረጃ። ዓሣ ከመግባቱ በፊት የዓሣውን ቆሻሻ የሚሰባብሩት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪራቡ 6 ሳምንት ያህል ባዶውን ይቆይ። ከመካከላቸው ትንሹ ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ «እንግዲያው ፀሐዩ ግድግዳው ላይ አይጫወትም ማለት ነው?» አለኝ። አይጫወትም አልኩት። «ታዲያ ለምን እናደርገዋለን?»

እውነቱን ነው የተናገረው፤ አልተቆጣሁትም። እኔም ያን ውዝዋዜ ነበር የወደድኩት። ታላቅ እህቱ ናት የመለሰችለት፤ ፀሐዩን ማየት ከፈለግን ቦዩ በእግር 10 ደቂቃ አይሞላም አለችው። ከ1819 ጀምሮ መርከብ የሚያልፍበት፣ የሜላረንን ውኃ ከባልቲክ ጋር የሚያገናኘው ቦይ፤ ፀሐይም ዓሣም አለበት፣ ዓሣው ሲሞቀው የሚወርድበትም አለው። ሕፃናቱን በወር አንድ ቅዳሜ እዚያ ለመውሰድ ተስማማን። ስለ አኳሪየሙ ግን ገና አልወሰንም። ወጣቶቹ በመጀመሪያ የዓመቱን ተረኞች ዝርዝር ሞልተው እንዲያመጡ ነው የተባለው፦ ማን ይመግባል፣ ማን በየሳምንቱ ውኃ ይቀይራል፣ ፓምፑ በዒድ ሌሊት ቢቆም ማን ይነሳል።

ባለፈው እሑድ አምጥተውት አየሁት። ደህና አድርገው ሠርተውታል፤ ረመዳን እንኳ ተሞልቷል። ያልተሞላው ጁላይ ነው፤ ሁሉም ቤተሰብ አገር ቤት የሚሄድበት።