ማቃጠያው ላይ ለተመደብከው ልጄ

ልጄ፣ የጤና ጣቢያው ኢንሲነሬተር ላይ መመደብህን ሰማሁ። ሥራህን ማንም እንዲንቅብህ አትፍቀድ። አንተ ባትኖር ሰው የተወጋበት መርፌና ደም የነካው ፋሻ የሰፈር ልጆች መጫወቻ ይሆን ነበር። ሳኒታሪያን ሆኜ ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ ስዞር ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኝ ነበር፤ የሚያቃጥሉት ልጆች እሳት የገባ ነገር ሁሉ ጠፋ ብለው ያምናሉ። አይጠፋም። ከፊሉ ጭስ ሆኖ ትተነፍሰዋለህ፣ ከፊሉ አመድ ሆኖ ጫማህ ላይ ተጣብቆ ቤትህ ይገባል።

ጭሱን እያየህ ሥራ። ጥቁርና ወፍራም ከሆነ ወይ እሳቱ አልጋለም፣ ወይ ፕላስቲኩ በዝቷል። በተለይ የግሉኮስና የደም ከረጢት ተጠንቀቅ። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከፒቪሲ ነው፤ ፒቪሲ ክሎሪን አለበት፣ ክሎሪን ያለበት ነገር ደግሞ በደከመ እሳት ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ ይፈጠራል። ከዳይኦክሲኖች ሁሉ የከፋውን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህን መርዝ በልኩ መያዝ የሚችለው ከ850 እስከ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሠራና የጭስ ማጣሪያ የተገጠመለት ማቃጠያ ነው። አዲስ አበባ ረጲ ላይ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበው ጣቢያ ማጣሪያ ይዞ ነው የተሠራው። ያንተው በጡብ ተገንብቶ የጭስ ማውጫ ቱቦ የተተከለለት ነው፤ ማጣሪያ የለውም።

ስለዚህ አንተ መቆጣጠር የምትችለው ምን እንደሚገባና እንዴት እንደሚነድ ነው። መጀመሪያ በደረቅ እንጨት ወይም በካርቶን በደንብ አግለው፤ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ሴፍቲ ቦክስ ከዚያ በኋላ ጨምር። አፉ ድረስ አትጠቅጥቀው። እንግዴ ልጅ ወደ ራሱ ጉድጓድ ይሂድ፣ እርጥብ ነውና እሳቱን ይገድልብሃል። የተሰበረ ቴርሞሜትር በምንም ዓይነት አታስገባ፤ ሜርኩሪው ይተንና ትስበዋለህ። ከጥቁሩ ባልዲ የሚወጣው ወረቀትና የምሳ ትራፊም ያንተ አይደለም። ደም የነካው ከሚጣልበት ከቢጫው ባልዲ ጋር ደባልቀው ከላኩልህ ነርሶቹን ሳታፍር በትሕትና ንገራቸው። እናቶች ሕፃን ታቅፈው ለክትባት በተሰለፉበት ሰዓትም አታቀጣጥል፤ ተመላላሽ ታካሚው ከግቢ እስኪወጣ ጠብቅ።

ወተት ጠጣ፣ ጭሱን ያጥብልሃል የሚሉህ አይጠፉም። ወተት ምግብ ነው፣ ካገኘህ ጠጣ፤ የሚወርደው ግን ወደ ጨጓራህ ነው። ከጭሱ ጋር የሚገባው ደቃቅ ብናኝ ሳንባህ ሥር ድረስ ዘልቆ ወደ ደም ይሻገራል፣ ልብንም ይጎዳል። የወረቀትና የጨርቅ ማስክ አያስቀረውም። ኤን95 የሚባለውን ጠይቅ፤ እሱም ብናኙን እንጂ ጋዙን አይመልስምና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁም።

አሁን ስለ አመዱ ልንገርህ፤ ችላ የሚባለው እሱ ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍት የቀዘቀዘ ግራጫ አፈር ይመስልሃል፣ ውስጡ ግን ያልነደደ የመርፌ ጫፍ ይኖራል፤ ከባድ ብረቶችና ዳይኦክሲንም እዚያው ናቸው። በእጅህ አትንካው። ውኃ አርከፍክፈህ በአካፋ ዝቀህ ክዳን ያለው የአመድ ጉድጓድ ውስጥ ጨምር። ለጎመን መደብ ማዳበሪያ ይሆናል ብሎ የሚለምንህ ሰው ቢመጣ እንቢ በል። ከጉድጓዱ ዳር የጥበቃው ዶሮዎች ሲጭሩ አይቻለሁ፣ እንቁላሉም ለልጆቹ ይቀቀላል። ዳይኦክሲን ስብ ውስጥ የሚከማች መርዝ ነው፤ ዶሮዋ ከአመዱ የለቀመችው አስኳሉ ውስጥ ይገባል። ሰው ይህን መርዝ ከ90 በመቶ በላይ የሚያገኘው በምግብ ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ግማሹ ብቻ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። ጥበቃውን በእርጋታ አስረዳው፣ ዙሪያውን አብራችሁ እጠሩት።

የሥራ ልብስህን እዚያው አውልቀህ እዚያው እጠበው። ልጅህ በር ላይ ሮጣ ስትጠመጠምብህ ቱታው ላይህ መኖር የለበትም። ቦት ጫማ፣ ወፍራም ጓንት፣ መነጽርና ሽርጥ መሥሪያ ቤቱ ሊያቀርብልህ የሚገባ ነው፤ በቃል ጠይቀህ ዝም ካሉህ በጽሑፍ ጠይቅና ቅጂውን ያዝ።

መርፌ ከወጋህ ቁስሉን ሳትጨምቅ በሳሙናና በውኃ ታጠብና ወዲያው ለኃላፊው ንገር፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ይብሳል፤ ያልተከተበ ሰው በሽታው ያለበት መርፌ አንዴ ቢወጋው የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክትባቱ 3 ጊዜ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው በተወሰደ በ1 ወርና በ6 ወር ይደገማል። ሥራ ያለህ ጤና ጣቢያ ነውና ነገ ጠዋት እሳት ከማቀጣጠልህ በፊት ሄደህ የመጀመሪያውን ጠይቅ።